አሥራ ዘጠኝ ዘፈን በአንድ ድራም



የዛሬው ወጌ ስለ አንድ አልበም ነው። «ለንደን ኮሊንግ» ይባላል። የሠራው «ዘ ክላሽ» የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሲሆን፣ እዚያው እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ዲሴምበር 14 ቀን 1979 ነው። ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሀሉ እያሰላሁ አላደክማችሁም። ሁለት ሸክላ፣ አሥራ ዘጠኝ ዘፈን፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ ሙዚቃ።

እኔ የዚህ አልበም አፍቃሪ ነኝ። ስለዚህ የዳኛ ሚዛን አትጠብቁብኝ። ቢሆንም አፍቃሪ የሆነ ሰው ለምን እንደወደደ ማስረዳት አለበት፤ አለዚያ ጭብጨባ ብቻ ይሆናል። አልበሙን ለማያውቀው ሰው ሳወራ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ «ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» የሚል ነው። ሮክ ነው እላለሁ። ሰውየው ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ዘፈን እውነትም ሮክ ነው። ሁለተኛው የ1950ዎቹን የአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮል ይመስላል። ሦስተኛው የምሽት ቤት ጃዝ ነው። አምስተኛው ላይ የጃማይካ ትራምፔትና ሳክስፎን ይገባበታል። ቀጥሎ ፖፕ፣ ቀጥሎ ሬጌ፣ ቀጥሎ ስካ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሶል ይመጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ጆሮ ማዳመጫውን ያወልቅና «እነዚህ ልጆች ምን እንደሚፈልጉ አያውቁም» ይለኛል። የምሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው።

ክላሽ ለንደን ውስጥ የተመሠረተው በ1976፣ ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ ገና ሲፈነዳ ነው። ትልልቆቹ የሮክ ባንዶች በዚያ ዘመን አንዱን ሶሎ ሩብ ሰዓት ይጎትቱት ነበር። የለንደን ወጣት ይህ ሰለቸው። ሥራ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፤ ጊታር ላይ ሦስት ኮርድ ከያዘ ግን ብስጭቱን በሁለት ደቂቃ ጮሆ ሊጨርስ ይችላል። ክላሽም በ1977 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፈጣን፣ ጩኸታም፣ ቁጡ አልበም ነበር። ነገር ግን ሕግ እንጥሳለን ብሎ የተነሣው ፓንክ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የራሱን ሕግ አወጣ። ፀጉሩ እንዲህ ይቆረጥ፣ ጃኬቱ እንዲህ ይቀደድ፣ ዘፈኑ ከዚህ አይዘግይ። ፒያኖ ያስገባ፣ ጥሩ ዜማ የሠራ፣ ቀስ ብሎ የተጫወተ ሁሉ ከሃዲ ተባለ። በ1979 እነዚህ አራት ወጣቶች የተጠበቀባቸው ያንኑ የመጀመሪያውን አልበም መድገም ነበር። አልደገሙትም።

አራቱ እነማን ናቸው? ዘፋኙና የግጥሙ ሰው ጆ ስትረመር በ1952 የተወለደው ቱርክ ውስጥ፣ አንካራ ነው። አባቱ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ባልደረባ ስለነበሩ ልጅነቱ በካይሮ፣ በሜክሲኮ ሲቲና በቦን አልፏል። ጊታሪስቱ ሚክ ጆንስ አያቱ ያሳደጉት የለንደን ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሮክ ባንዶችን ከመድረክ መድረክ እየተከተለ ያደገ፣ ዜማና ቅንብር በደሙ ያለ። ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ሲሞነን የሥዕል ተማሪ ነበር። ቤዝ የተማረው ባንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ጆሮው ግን የጃማይካ ስደተኞች በሰፈሩበት በብሪክስተን በሬጌ ተሞልቶ ነበር። አራተኛው ድራመሩ ቶፐር ሂደን ነው። እሱ ከፓንክ ሳይሆን ከሶልና ከጃዝ ነው የመጣው። ስለሱ ብዙ እላለሁ፤ ለጊዜው ስሙን ያዙልኝ።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓይነት ጆሮ ተቀምጧል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከተማዋም አለችበት። በ1977 የለንደን ፓንኮች ሮክሲ በሚባል ክለብ ይሰበሰቡ ነበር። ሸክላ አጫዋቹ ዶን ሌትስ የጃማይካ ስደተኞች ልጅ ነው። ፓንክ ገና አዲስ ስለነበር በሸክላ የታተመ የፓንክ ሙዚቃ እንደልብ አይገኝም። ሌትስ ታዲያ ባንዶቹ መድረክ እስኪወጡ ድረስ ቤቱ ያፈራውን ሬጌ ያጫውትላቸው ነበር። ብዙ የለንደን ፓንክ ወጣት ሬጌን የለመደው እንዲህ ነው፤ በሁለት ጩኸት መካከል ሆኖ። ክላሽም የመጀመሪያው አልበሙ ላይ «ፖሊስ ኤንድ ቲቭስ» የተባለውን የጁኒየር መርቪንን የጃማይካ ዘፈን በራሱ መንገድ ተጫውቶታል።

የኛ አገር ሰው እዚህ ጋ ቀና ይላል። ሬጌ ከራስተፈሪያን እምነት ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላኑን የከበበው ሕዝብ፣ ሻሸመኔ የሰፈሩት ወንድሞችና እኅቶች፣ ባንዲራው ሁሉ የምታውቁት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከኛ ወደ ጃማይካ፣ ከጃማይካም በመርከብ ወደ ብሪክስተንና ኖቲንግ ሂል ሄዷል። ይህን የምጠቅሰው የክላሽን አልበም ወደ ኢትዮጵያ ጎትቼ የድርሻ ባለቤት ልሁን ብዬ አይደለም። እነዚህ ልጆች ሬጌን ሲነኩ ታሪክ ያለው፣ ለባለቤቶቹ ጸሎት የሆነ ሙዚቃ እየነኩ እንደነበር እንድናስብ ነው። ስትረመርም ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1978 በወጣ አንድ ዘፈን፣ ሃመርስሚዝ ፓሌ በተባለ አዳራሽ ሌሊቱን ሙሉ ሬጌ ሊሰማ የሄደ ነጭ ወጣት የተሰማውን እንግድነት ጽፏል። እንግድነቱን የሚያውቅ እንግዳ ይሻላል።

ወደ 1979 እንመለስ። ባንዱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተለያይቷል፤ ዕዳ አለበት። ፒምሊኮ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የልምምድ ክፍል ተከራዩ። ቫኒላ ይሉታል። ውሎአቸው ልምምድና እግር ኳስ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሜዳ ይጫወታሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ተመልሰው መሣሪያ ያነሣሉ። የሚጫወቱት የራሳቸውን ብቻ አልነበረም፤ የቆየ ሮክ ኤንድ ሮል፣ የቆየ ሬጌ፣ ያማራቸውን ሁሉ ይሞክራሉ። አልበሙ የተለያየ የሆነው እዚህ ነው እንጂ ስቱዲዮ ውስጥ «እስቲ ጃዝም እንጨምርበት» ተብሎ አይደለም። በነገራችን ላይ የልምምዱን ቅጂ ለፕሮዲዩሰሩ እንዲያደርስ የተላከው ሠራተኛ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ጥሎት ወርዷል። ሌላ ቅጂ ከሚክ ጆንስ ዕቃ መካከል የተገኘው በ2004 ነው፤ በአልበሙ 25ኛ ዓመት እትም ላይ ታትሟል። ድምፁ ጥራት የለውም። ሆኖም ሰምታችሁ ስታነጻጽሩት አብዛኛው ሐሳብ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት ያለቀ እንደነበር ታያላችሁ።

ፕሮዲዩሰሩ ጋይ ስቲቨንስ ይባላል። በ1960ዎቹ ለንደን ውስጥ የአሜሪካ ጥቁሮችን ሙዚቃ ሸክላ በማጫወት የታወቀ ሰው ነው። በ1979 ግን መጠጥ ጥሎታል፤ አሳታሚው ኩባንያም አልፈለገውም። ክላሾች ያለሱ አንሠራም አሉ። ዌሴክስ ስቱዲዮ ሲገቡ ሰውየው ወንበር ይወረውራል፣ መሰላል ያወናጭፋል፣ ፒያኖ ላይ መጠጥ ያፈሳል። ይህን የሚያህል ትርምስ ካለ ሥራው የተበላሸ ሊመስላችሁ ይችላል። ሁለተኛውን ዘፈን፣ «ብራንድ ኒው ካዲላክ»ን ስሙ። ቪንስ ቴይለር በ1959 ያወጣው የቆየ ሮክ ኤንድ ሮል ነው። ክላሾች ለማሟሟቅ ያህል ተጫወቱት፤ ስቲቨንስ «አለቀ፣ ይኸው ነው» አለ። ሂደን ተቃወመ፤ መጨረሻው ላይ ፈጥነናል፣ ልክ አይደለም አለ። ስቲቨንስ ሮክ ኤንድ ሮል ሁሉ ይፈጥናል ብሎ እንዳለ አስቀረው። ልክ ነበር። ዘፈኑ ሲፈጥን መኪናው ከእጃችሁ ሲያመልጥ ይሰማችኋል። የስቲቨንስ ችሎታ ይህ ነው፤ ፍጹሙን ሳይሆን ሕያው የሆነውን ቅጂ መለየት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1981 ሞተ።

ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አላወራም፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ እናንተም ቤት አላችሁ። ጥቂቶቹ ላይ ግን ልቆይ።

«ዘ ገንስ ኦቭ ብሪክስተን» የሲሞነን ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም የሠራው፣ የሚዘፍነውም እሱ ነው። የክላሽ ዘፈን ጽፎ መሪ ሆኖ ሲዘፍን የመጀመሪያው ነው። ድምፁ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ደረቅና ጠፍጣፋ ነው። ቤዙ ግን ከጀመረ አይለቃችሁም። ዘፈኑ ፖሊስ በሩን ሲመታ ምን ታደርጋለህ ይላል፤ ባለታሪኩን ከ1972ቱ «ዘ ሃርደር ዘይ ከም» ከተባለው የጃማይካ ፊልም ጀግና ጋርም ያስተያየዋል። ይህ ዘፈን ከወጣ ከዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በኤፕሪል 1981፣ ብሪክስተን ውስጥ ወጣቶችና ፖሊስ ተጋጭተው ሰፈሩ ነደደ። ሲሞነን ነቢይ ነበር አልልም፤ ሰፈሩን ያውቅ ነበር። ያው ቤዝ ደግሞ በ1990 በሌላ ባንድ የዳንስ ዘፈን ውስጥ ገብቶ እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጥቷል። ጣት መደርደር ባንዱ ውስጥ ገብቶ የተማረ ሰው ነው ይህን የሠራው።

«ሎስት ኢን ዘ ሱፐርማርኬት» ላይ ደግሞ ፍጹም ሌላ ዓለም ነው ያለው፤ ለስላሳ፣ ሬዲዮ የሚወደው ፖፕ ማለት ይቻላል። ግጥሙን የጻፈው ስትረመር ነው። የጻፈው ግን የራሱን ሕይወት ሳይሆን የሚክ ጆንስን ልጅነት አስቦ ነው፤ ከዚያም ለጆንስ እንዲዘፍነው ሰጠው። የዲፕሎማት ልጅ የሆነው ሰው በጓደኛው ቦታ ሆኖ፣ ገበያ ውስጥ የጠፋ፣ ዕቃ እየገዛ የማይሞላ ልብ ጻፈ። አንድ ባንድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስጦታ ስንት ጊዜ ይገጥማል? እኔ ይህን ዘፈን ስሰማ ከዜማው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ጓደኝነቱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ስትረመርና ሲሞነን ጆንስን ከባንዱ አባረሩት፤ ይህን ማወቅ ዘፈኑን ያከብደዋል።

«ስፓኒሽ ቦምብስ» ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በ1936 ስለተገደለው ባለቅኔ ስለ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ያነሣል፤ ከዚያ ወደ 1970ዎቹ ፍንዳታ ይዘልቃል። ዜማው ፀሐያማ ነው፤ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ሊያፏጨው ይችላል። የኛ አድማጭ ደግሞ ያንን ዓመት በሌላ በኩል ያውቀዋል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በሜይ 1936 ነው፤ የስፔኑ ጦርነት የተነሣው በጁላይ ነው፤ ሙሶሊኒም ጦሩን ለፍራንኮ ላከ። ሞት በጣፋጭ ዜማ መቅረቡ አንዳንዱን ይረብሸዋል። እኔን አይረብሸኝም። በሐዘን ዜማ ቢሠሩት ኖሮ አንድ ጊዜ ሰምቼ ዘግቼው ነበር።

«ሮንግ ኤም ቦዮ» የሚጀምረው ስለ ስታገር ሊ በሚተርከው የአሜሪካ ጥቁሮች የቆየ ዘፈን ነው። ታሪኩ መነሻው እውነተኛ ነው፤ በ1895 ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ አንድ ሰው በባርኔጣ ጠብ ሌላውን ተኩሶ ገደለው። ክላሾች ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ቆሙ፤ እንደገና ጀመሩ። አሁን ስካ ነው። ስካ ከሬጌ በፊት የነበረ፣ ከሬጌ የፈጠነ የጃማይካ ሙዚቃ ሲሆን ዘፈኑም «ዘ ሩለርስ» የተባሉት ጃማይካውያን ነው። አንዱ ዘፈን ውስጥ ከሚሲሲፒ ዳር ተነሥቶ ኪንግስተን ገባ ማለት ነው። ይህ እንዲያው ብልጠት አይደለም። የስካ ሙዚቀኞች ጆሯቸውን የከፈቱት ከአሜሪካ በሬዲዮ በሚሻገር የጥቁሮች ሙዚቃ ነው፤ ክላሾች ያንን መንገድ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አስሄዱን።

የመጨረሻው «ትሬን ኢን ቬይን» አልበሙ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ስሙ አልነበረም። መጀመሪያ ከአንድ የሙዚቃ ጋዜጣ ጋር በነጻ ሊታደል ታስቦ ነበር፤ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ሽፋኑ ከታተመ በኋላ አልበሙ ላይ ተጨመረ። የፍቅር ዘፈን ነው፤ የተጣለ ወንድ ተራ እሮሮ። ለፖለቲካ ባንድ አይመጥንም ያሉ ነበሩ። ይህ ስሙ ያልተጻፈ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 23ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

አሁን ሂደን ጋ ልምጣ። ጎጆ ሲሠራ ማገሩ ከተለያየ ጫካ ሊመጣ ይችላል፤ ምሰሶው ከቆመ ቤቱ ቤት ነው። የዚህ አልበም ምሰሶ ቶፐር ሂደን ነው። ከዚህ በፊት የወጣው የሁለተኛው አልበማቸው ፕሮዲዩሰር፣ ምቱ ከመስመር የማይወጣ የሰው ማሽን ብሎታል። እኔ ማሽን አልለውም። ማሽን «ጂሚ ጃዝ» ላይ ሲምባሉን እንደዚያ አይዳብስም፤ «ክላምፕዳውን» ላይ ፋብሪካ ሲያጓራ እንደዚያ አይመታም። «ሩዲ ካንት ፌይል» ላይ ሰውነት ሳይወድ የሚነቃነቀው በትራምፔቱና በሳክስፎኑ ይመስላችኋል፤ ከሥር ያለውን ድራም ለይታችሁ ስሙ። አብዛኛው የፓንክ ድራመር አንድ ፍጥነትና አንድ ጉልበት ነበረው። ያ ድራመር ሬጌ ላይ ቢቀመጥ ሬጌው ቀልድ ይሆናል። ሂደን ግን እያንዳንዱን ሙዚቃ በየራሱ ቋንቋ ያናግረዋል፤ ያም ሆኖ ድራሙን ስትሰሙ ይህ ያው ሰው ነው ትላላችሁ። አሥራ ዘጠኙ ዘፈን አንድ አልበም የሆነው በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወደሱት ስትረመርና ጆንስ ናቸው፤ ስማቸው ከዘፈኑ ሥር ስለተጻፈ። ለኔ ያ ትክክል አይደለም።

ሁሉም ዘፈን ወርቅ ነው አልላችሁም። «ላቨርስ ሮክ» ደካማ ነው፤ ግጥሙ ምክር ሊሰጥ ሞክሮ ያፍራል። አራተኛውን ገጽ የሚከፍት መሆኑ ደግሞ ይባስ። «ፎር ሆርስመን»ም ያለ ብዙ ጸጸት ሊቀር ይችል ነበር። «ዘ ካርድ ቺት» ግን ብዙ ሰው ቢያልፈውም እኔ እከራከርለታለሁ፤ ድምፁ እንዲገዝፍ መሣሪያውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀርጸውታል፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ሽፋኑን ሳልጠቅስ ብቀር ትቀየሙኛላችሁ። ሲሞነን ኒው ዮርክ፣ ፓላዲየም መድረክ ላይ ቤዙን ወደ መሬት ሲቀጠቅጥ ነው፤ ጊዜው ሴፕቴምበር 1979። ጥበቃዎቹ ተመልካቹን ከወንበር አላስነሣ ስላሉ ተናዶ ነበር። ፎቶውን ያነሣችው ፔኒ ስሚዝ ጥራት የለውም፣ አይሆንም ብላ ነበር። ሮዝና አረንጓዴው ጽሑፍ የተቀዳው ከኤልቪስ ፕሪስሊ የ1956 የመጀመሪያ አልበም ነው። ዋጋውም ወሬ ነበረው፤ ባንዱ ኩባንያውን አሳምኖና ትንሽም ሸውዶ ሁለቱን ሸክላ በአንድ ሸክላ ዋጋ፣ በአምስት ፓውንድ ገደማ አሸጠው። አሜሪካ የወጣው ጃኑዋሪ 1980 በመሆኑ «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት የ1980ዎቹ ምርጥ አልበም ብሎ ሾመው። በ1979 የገዙት እንግሊዞች ይህን ሲሰሙ ሳይስቁ አልቀሩም።

ልዩነት ብቻውን አልበም አያደርግም ብዬ የማምነው ክላሽ ራሱ ካሳየኝ ተነሥቼ ነው። በ1980 «ሳንዲኒስታ!» ወጣ፤ ሦስት ሸክላ፣ ሠላሳ ስድስት ዘፈን። እዚያ ላይ ጎስፔል አለ፣ ራፕ አለ፣ ካሊፕሶ አለ፣ ዋልስ አለ። አንዳንዱ ድንቅ ነው። ብዙው ግን ልምምድ ክፍል ውስጥ መቅረት የነበረበት ነው፤ ቫኒላ ላይ የነበረው ማጣራት አልተደረገለትም። በ1982 ሂደን በሄሮይን ሱስ ምክንያት ከባንዱ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ትልቁን ዝና ያመጣላቸውን የ«ሮክ ዘ ካዝባ»ን ሙዚቃ የሠራው እሱ ነበር፤ ድራሙን፣ ቤዙንና ፒያኖውን የተጫወተውም እሱ ነው። ዘፈኑ ሲነግሥ ሌላ ሰው ድራሙ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ1983 ጆንስም ሄደ። በ1985 የቀሩት ያወጡት የመጨረሻ አልበም የድራም ማሽን ይዞ መጣ፤ ከልቤ ሰምቼ መጨረስ አልቻልኩም። ባንዱ ፈረሰ። ስትረመር ዲሴምበር 22 ቀን 2002 በሃምሳ ዓመቱ ዐረፈ።

አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ቤት ገብታችሁ አልበሙን ስትከፍቱ ስልካችሁ ዘፈኖቹን እንዲያማታ አትፍቀዱለት። ጊዜ ካጠራችሁ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ፣ ከ«ስፓኒሽ ቦምብስ» እስከ «ዘ ገንስ ኦቭ ብሪክስተን» ያሉትን አምስት ዘፈኖች በተርታ ስሙ። የመጀመሪያውን ጊዜ እንዳሻችሁ ስሙት። ሁለተኛውን ጊዜ ግን ዘፋኙን ተዉትና ድራሙን ብቻ ተከተሉ። ከዚያ በኋላም «ምን እንደሚፈልጉ አያውቁም» የሚለኝ ካለ፣ በሚቀጥለው ስንገናኝ እዚሁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይከራከረኝ።